የማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት

ዓረብ አገር፣ መላዝ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሾፌር ሆኜ በምሠራበት ቤት፣ ማዳም ሻይዋ ላይ ነጭ ቅርፊት ተንሳፍፎ አየችና ሠራተኛዋን ዘይነባን «ምን ጨምረሽብኝ ነው? ኸላስ፣ በቃ፣ ፖሊስ እጠራለሁ!» ብላ ጮኸችባት። ዘይነባ እየማለች ታለቅሳለች። ማንቆርቆሪያውን ከፍቼ አየሁት፤ ውስጡ ነጭ ለብሷል። «ማዳም፣ ይህ የውኃው ኖራ ነው፤ ሲፈላ ብረቱ ላይ ይጋገራል» አልኩና አቼቶ ጨምሬ አሞቅሁት። ቅርፊቱ አረፋ እያወጣ ሟሟ። ማዳም ስልኳን አስቀመጠች። ይቅርታ ግን አልወጣትም፤ «ያላ፣ የሻወሩንም አጽዳልኝ» አለችኝ።

ዘይነባ እንባዋን እየጠረገች «ወንድሜ፣ ይህን እያወቅህ ነው መኪና የምትነዳው?» አለችኝ።

«ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ» አልኳት። «እዚያ የማስተማሩን ቦታ ግን ለዲኑ የእህት ልጅ ሰጡት። እስቲ እሱን እዚህ ማንቆርቆሪያ ፊት ያቁሙልኝ!»