ስም ያልተጠራበት የስልክ ጥሪ

የምስክር ስም፦ ጂፓር ሙራታሊየቫ
ዕድሜ፦ 33
አድራሻ፦ ናሪን አውራጃ፣ በአሁኑ ወቅት ሳሪ-ቤል የግጦሽ ስፍራ
ቃል የተሰጠበት፦ ጁላይ 19 ቀን 2023፣ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት
ጉዳዩ፦ የልብ ሕሙማን ክትትል ማዕከል የበር መስታወት መሰበር

ባለቤቴ ኤርኪን የማዕከሉን በር በድንጋይ መስበሩን አልክድም። ነገሩ የተጀመረው ግን በእኔ ስልክ ስለሆነ የማውቀውን እናገራለሁ።

አማቴ፣ የኤርኪን አባት፣ ልባቸው ደክሞ ተኝተው ኤፕሪል ላይ ከሆስፒታል ሲወጡ ማዕከሉ ሚዛን ሰጠን። ጠዋት ጠዋት ይወጡበታል፣ ቁጥሩ በስልክ ኔትወርክ በራሱ ለነርሶቹ ይደርሳል። በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ከጨመሩ ሰውነታቸው ውሃ ይዟል ማለት ነውና መድኃኒት ይለውጣሉ፣ ከባሰም መኪና ይልካሉ። መንደር እያለን ጥሩ ሠርቷል። ግጦሽ ስንወጣ ግን ኔትወርክ የሚይዘው ከድንኳናችን በፈረስ አንድ ሰዓት ገደማ የሚርቀው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ይህን አስቀድሜ ስነግራቸው "ችግር የለም፣ አንቺ ደውይልን" ብለውኛል። ችግር የለም ማለት ምን ይከብዳል!

ጁላይ 15 ቀን ከጠዋቱ 1፡30 ላይ ሲመዘኑ ከ71 ኪሎ 75 ገብተዋል። እግራቸው አብጧል፣ ጋደም ማለት አቅቷቸው ኮርቻ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ኤርኪን በግ ይዞ ገበያ ወርዷል። ጎረቤቴን አጠገባቸው አስቀምጬ፣ ፈረስ ጭኜ 2፡30 ላይ ጉብታው ደረስኩና ደወልኩ።

ያነሳችው ነርስ የታካሚውን ስም ጠየቀችኝ። እኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ስማቸው ውስጥ በቋንቋችን ብረት ማለት የሆነ ቃል ስላለበት፣ ከተዳርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ብረትን እንኳ "ጠንካራው" ነው የምለው። "የኤርኪን አባት ናቸው፣ የሳሪ-ቤሉ፣ አራት ኪሎ ጨምረዋል" አልኳት። "ስም ካልነገርሽኝ ፋይሉ አይከፈትም" አለች። "አንቺም እኮ ነገ ምራት ትሆኛለሽ፣ እንዴት አይገባሽም?" ብላት፣ "ይገባኛል እህቴ፣ ኮምፒውተሩ ግን ምራት አይደለም። በቃ የካርድ ቁጥራቸውን አምጪ" አለችኝ። ካርዱ ያለው ድንኳን ውስጥ ነው። ኤርኪን "ነርሷ ዘጋችባት" የሚለው ልክ አይደለም፤ ተናድጄ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

3፡20 ላይ ስመለስ ከንፈራቸው ጠቁሯል። "ምን አሉ?" አሉኝ። "ስምዎን ጠየቁኝ አባባ፣ ካርዱን ልወስድ መጣሁ" አልኳቸው። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ "ታዲያ አትነግሪያቸውም ነበር፣ ልጄ? እዚያ ላይ ማን ይሰማሻል?" አሉ።

ካርዱን ይዤ ጉብታው ተመልሼ 4፡15 ላይ ቁጥሩን ሰጠሁ፣ መኪናም ላኩ። መኪናው 7፡00 ሰዓት ሲደርስ አርፈዋል። ለኤርኪን ግማሹን ብቻ ነበር የነገርኩት፤ ስልኩን የዘጋሁት እኔ መሆኔን ደብቄዋለሁ። እዚያ በር ላይ የተወረወረው ድንጋይ እኩሌታው ለእኔ ይገባል።

መርማሪው ለቅጹ የሟችን ስም ሲጠይቁኝ "እኔ ምራታቸው ነኝ" አልኩ። "ግድ የለም፣ ከልጃቸው ጠይቀን እንሞላዋለን" አሉኝ። አይሆንም፣ ብዕሩን ይስጡኝ አልኩ።

ቃሌ ተነብቦልኛል፣ ያልኩት ይኸው ነው፣ ሐሰት የለበትም።

የምስክር ፊርማ፦ ጂፓር ሙራታሊየቫ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ባክትያር ኦሞሮቭ
የሟች ስም (በምስክሯ እጅ የተጻፈ)፦ ቴሚርባይ