በነጭ ስፒል የተያዘው ኬክ

ደረጃው ላይ ባይገናኙ ኖሮ ያ ኬክ ታሽጎ ይሄድ ነበር። ነገሩን ሁሉ የሚያስቆጣውም ይኸው ነው፤ የአንዲት ሕፃን ደኅንነት በአጋጣሚ ላይ ተንጠልጥሎ መዋሉ።

ኬክ ሠሪዋ የማሸጊያ ካርቶን ገዝታ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ስትወጣ፣ አጎቷ ደግሞ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንደጣሉ ክር ሊገዙ ይወርዱ ነበር። አጎቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ በአንዲት ክፍል፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀዱና ሲሰፉ ኖረዋል። እሷ የእህታቸው ልጅ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷት፣ በምግብ ዝግጅት ሙያ ተመርቃም ዛሬም "ሚጣ" ነው የሚሏት። ካለፉት ሦስት ወራት ወዲህ የዚያ ጠረጴዛ ግማሽ የእሷ ሆኗል፤ በወዲህ በኩል የኮት እጅጌ ይቀደዳል፣ በወዲያ በኩል ክሬም ይመታል።

"ሚጣዬ፣" አሏት ፊታቸው በርቶ፣ "ያ የስኳር ሪባንሽ ተንሸራቶ ሊወድቅ ሲል ደረስኩለት። አሁን በሬ ቢጎትተው አይነቃነቅም።"

እግዜር ይስጥልኝ ብላ ሁለት ደረጃ ከወጣች በኋላ ቆመች።

"በምን አጠበቁት ጋሼ?"

"በስፒል ነዋ። እንዳያስታውቅ ደግሞ ባለ ነጭ ራሱን መርጬ ነው የሰካሁት።"

ካርቶኑ ከእጇ ወድቆ ደረጃውን እየተንከባለለ ወረደ። እሷ ሮጣ ወጣች።

ኬኩ የማን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል። እስከዚያ ቀን ድረስ የእሷን ኬክ የበላው ዘመድ ብቻ ነበር፤ ዘመድ ደግሞ ያረረውንም "እጅሽ ይባረክ" ብሎ ይበላል። ይኸኛው የመጀመሪያው የባዕድ ትእዛዝ ነው። ያዘዘችው ከመንገዱ ማዶ ያለችው ፋርማሲስት ናት፤ ልጇ አምስት ዓመት ሞልቷት በዚያው ዕለት በዘጠኝ ሰዓት ልደቷ ይከበራል። ኬኩ ካማረላት በልጇ መዋዕለ ሕፃናት ላሉት እናቶች ሁሉ እንደምትናገርላት ቃል ገብታለች። ስለዚህ ኬክ ሠሪዋ አራት ቀን ደክማበታለች። ባለ ሁለት ደርብ ነው፤ ዙሪያውን በነጭ የስኳር ሊጥ ለብሶ፣ ጎኑ ላይ ከዚያው ሊጥ የተሠራ ትልቅ ሪባንና ጥቃቅን አበቦች ተለጥፈውበታል። ሪባኑ ሁለት ቀን መድረቅ ሲገባው እሷ ቸኩላ በአንድ ቀኑ ለጠፈችው፤ መንሸራተቱ ከዚያ የመጣ ነው። ይህ የእሷ ጥፋት ነው፣ አንደብቅላትም።

እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች፤ ወረንጦ አነሳችና ሪባኑን ቀስ ብላ ፈታችው። አንድ ስፒል ወጣ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው ተከታትለው ወጡ። አጎቷ ክሩን ትተው ተከትለዋት መጥተው ኖሮ በር ላይ ቆመው ያያሉ።

"ስንት ነበሩ?" አለቻቸው ሳትዞር።

"አምስት... ስድስትም ሳይሆኑ አይቀሩም። ስፒል ማን ይቆጥራል?"

አምስተኛው በሁለቱ ደርቦች መሃል ባለው ክሬም ውስጥ እስከ ራሱ ሰምጦ ተገኘ። ስድስተኛው ግን የለም። አበቦቹን አንድ በአንድ ነቀለች፣ የላዩን ደርብ አንስታ አየች፣ በጣቷ ዳበሰች። የለም። ከየት አንስተው እንደሰኩት ስትጠይቃቸው፣ ልብስ ሰፊ ስፒሉን የት ሊይዝ ኖሯል በሚል አስተያየት አይተው ከንፈራቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ለካ ከአፋቸው እያወጡ ነው የሰኩት! ይሄን ጊዜ ደሟ ፈላ።

ልብ በሉ፤ አጎቷ ክፉ ሰው አይደሉም። እናቷ ስትሞት አንስተው ያሳደጓት፣ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ከክፉ ሰው ይልቅ አስቸጋሪው ግን እንዲህ ያለው ደግ ነው፤ ሳይጠየቅ የሚረዳ፣ የረዳውን ነገር የማያውቅ፣ ሲነገረው የሚከፋው። ክፉውን ሰው በር ዘግተው ያስቀሩታል። ደጉን ማን ደፍሮ ውጣ ይለዋል? በየቤቱ ስንቱ ወጥ፣ ስንቱ ቁስል፣ ስንቱ ሕፃን በእንዲህ ያለ ደግ እጅ ተበላሽቷል!

ኬክ ሠሪዋ ይህ ኬክ ከዚህ ቤት እንደማይወጣ ተናገረች። አጎቷ መጀመሪያ የምትቀልድ መሰላቸው። ከዚያ ተቆጡ። አምስቱ ተገኝተዋል፣ ስድስተኛው ምናልባትም ከናካቴው አልነበረም፣ ሪባኑን መልሳ ትለጥፈውና ትላከው፤ ደግሞ ሪባን ለጌጥ እንጂ ማን ይበላዋል አሉ። ልጆች ከሁሉ በፊት ሪባኑን እንደሚበሉት ነገረቻቸው።

"ስሚኝ ልጄ፣" አሉ ወንበራቸውን ስበው እየተቀመጡ፣ "ይሄ ሆቴል አይደለም፣ ቤት ነው። ቤት ውስጥ ፀጉርም ይገባል፣ ክርም ይገባል። የቤት ነገር የሚበላ ሰው ይሄን አውቆ፣ ችሎ ነው የሚበላው። እናትሽ ስታበስል ጓንት አጥልቃ አይቼ አላውቅም፤ እኛም አልሞትንም።"

"እናቴ ያበሰለችው ለልጆቿ ነው ጋሼ። የምታበላን እኛን ነበር፣ ብንታመም የምታስታምመን እሷ ነበረች። የፋርማሲስቷን ልጅ እኔ አላስታምማትም። እናቷ እጄን አምናለች፤ ክፍሉን አላየች፣ ጠረጴዛውን አላየች። ያላየችውን እኔ ላይላት ነው ተስማምተን የተለያየነው። ቤት ነው እያሉ ሁሉንም ነገር መተው ከየት የመጣ ነው? ቤት ማለት ቆሻሻ ማለት ነው እንዴ?"

"ቆሻሻ ነህ አልሽኝ?"

"ከአፍዎ የወጣ ስፒል ኬክ ውስጥ ገብቷል ነው ያልኩዎት።"

አጎቷ ተነስተው ክፍሉን ተንጎራደዱ። በአርባ ዓመት ውስጥ በዚህ ክፍል እንዲህ ብሎ የተናገራቸው ሰው የለም። እንግዲህ ሙያ ማለት ምን እንደሆነ ያስረዷት ጀመር። ሙያ መነሻ ገንዘብ አለው፣ በር ላይ የሚሰቀል ምልክት አለው፣ የተከፈተ ደጅ አለው፤ ክሬም በከረጢት እየጨመቁ አበባ መሣል ሙያ ሳይሆን የልጅ ጨዋታ ነው፤ ለልጅ ጨዋታ ደግሞ ይሄ ሁሉ ቁጣ አይገባም አሉ። እሷም በተራዋ ሆዷ ውስጥ ለሦስት ወር ያመቀችውን አወጣችው። ኬክ በምታስጌጥበት ሰዓት በሩ እንዲዘጋ ስንት ጊዜ ለምናቸዋለች! እሳቸው ግን "ደንበኛዬ በሬን ተዘግቶ ካገኘው ሞቷል ብሎ ይመለሳል" እያሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ይደገፋል፣ ክሬሙን በጣቱ ጠንቁሎ ይቀምሳል፣ "ይጣፍጣል" ይላል፣ ከዚያ በዚያው ጣት ይደግማል። እሷ ያንን ክሬም ደብቃ ስትደፋ፣ አዲስ ስትመታ ነው የከረመችው። ይሉኝታ ይዟት ዝም አለች፤ ዝምታዋ ዛሬ ስፒል ሆኖ መጣ።

"እሺ፣ ይቅር፣" አሉ አጎቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ኬኩ አይሂድ። ግን እውነቱን ነግረሽ ስምሽን አታጥፊ። ገና ዛሬ የጀመርሽ ነሽ። መብራት ጠፍቶብኝ አልደረሰልኝም በያት።"

"ፋርማሲው ማዶ ነው ጋሼ። መብራቱ ቦግ ብሎ ከዚህ ይታያል።"

በመስኮት አዩ። እውነትም በርቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱም ይስቁ ነበር።

አጎቷ ግን አልተሸነፉም። ስፒል ያን ያህል የሚያስፈራ ነገር እንዳልሆነ ሊያሳዩ የድሮ ታሪክ አመጡ። አንድ ጊዜ ለሙሽራ በሰፉት ኮት ውስጥ ስፒል ረስተው ኖሮ፣ ሰውየው ፎቶ ሊነሳ ሲቆም ብብቱን ወጋውና ዘለለ፤ ፎቶው ላይ አፉን ከፍቶ ነው የወጣው። እስከ ዛሬ ባገኛቸው ቁጥር ያንን እያነሳ ያስቃቸዋል። "አየሽ፣ የሞተ ሰው የለም፤ ሳቅን፣ አለፈ" አሉ።

"ሙሽራው ምን አደረገ?" አለች።

"ምን ያደርጋል፣ ኮቱን አወለቀዋ።"

"አምስት ዓመት የሞላት ልጅ የዋጠችውን ምን ብላ ታወልቀዋለች?"

አጎቷ ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። ዓይናቸው ኬኩ ላይ ቀረ። "ስድስተኛው ላይኖርም ይችላል" አሉ፤ ግን ለራሳቸው የሚናገሩ ነው የሚመስሉት።

"ሊኖርም ይችላል፣" አለች።

አጎቷ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው አስቀመጡ፤ ወደ ውጭ ሲሄዱ ብቻ የሚለብሱትን ኮት ለበሱና ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ የምነግራትም እኔ ነኝ አሉ። ኬክ ሠሪዋ ኬኩን በዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ አፈራረሰችው፤ ከቆሻሻ መጣያ ላይ አንስቶ የሚበላው እንዳይኖር ውኃ ለቀቀችበት። የአራት ቀን ድካሟ በገንዳው ቀዳዳ ሲወርድ በንዴት አለቀሰች። ፊቷን ታጥባ ተከተለቻቸው።

ፋርማሲው ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ተሰልፏል። አጎቷ ፋርማሲስቷን ወደ ጎን ጠርተው መናገር ይችሉ ነበር፤ ግን ተራቸውን ጠብቀው፣ ባንኮኒው ፊት ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገሩት። በልጅዎ ኬክ ላይ ሳልጠየቅ ስፒል ሰካሁ፣ ስንት እንደሰካሁ አላውቅም፣ የእህቴ ልጅ ደርሳበት ኬኩን አጠፋችው አሉ። መብራትም ሌላም አላነሱም።

ፋርማሲስቷ ጮኸች። ስፒል ነው ያሉኝ? በልጄ ኬክ? እርስዎ ልጅ የለዎትም? እያለች አጎትየውን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አዋረደቻቸው። የሚገባ ቁጣ ነበር፤ ማንም እናት ከዚያ ያነሰ ባትናገር ይሻላል። አጎቷ አንገታቸውን ደፍተው እስክትጨርስ ቆሙ። ስትጨርስ ወደ ኬክ ሠሪዋ ዞረች።

"ዝም ብለሽ ብትልኪው ማን ያውቅ ነበር?"

"ማንም።"

ፋርማሲስቷ ሰዓቷን አየች።

"ምን ልታደርሺልኝ ትችያለሽ?"

"አንድ ደርብ፣ ክሬም ብቻ። አበባም ሪባንም የለውም።"

"አበባው ይቅርብኝ። በሩን ዘግተሽ ሥሪው።"

ተዘግቶ ተሠራ። አጎቷ ራሳቸው ወንበር ወደ ውጭ አውጥተው በሩ ላይ ተቀመጡና የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ነገ ና እያሉ መለሱ። ኬኩ ሲደርስ ይዘው የሄዱትም እሳቸው ናቸው። ልጅቷ የመጀመሪያውን ቁራሽ በሁለት እጇ ይዛ አፏ ውስጥ ስትጠቀጥቀው በሩ ላይ ቆመው አዩዋት፤ እስክትውጥ ድረስ ከበሩ አልተነቃነቁም። ቤት ሲመለሱ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። "እያየኋት ስድስተኛው ስፒል ጉሮሮዬ ውስጥ ያለ መሰለኝ" አሏት የእህታቸውን ልጅ።

በሳምንቱ የስፌት መኪናው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ፤ ኬኩ የፊተኛውን ክፍል ብቻውን ያዘ። ከዚያ ወዲህ ፀጉር በሻሽ ይሸፈናል፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ የሚቀመስ ነገር በንጹሕ ማንኪያ ይቀመሳል፣ የማይበላ ጌጥ ኬክ ላይ አይወጣም፤ ሪባንም ሁለት ቀኑን ሳይደርቅ አይለጠፍም፣ ለዛሬ ብሎ የሚመጣን ሰውም "አይደርስም" ብሎ መመለስ ነውር መሆኑ ቀርቷል። ጥቅሙ ለኬኩ ብቻ አልሆነም። አጎቷ ስፒል በአፍ መያዝ ትተው በጨርቅ ትራስ ላይ መሰካት ጀመሩ፤ ኮት ከማስረከባቸው በፊትም ይቆጥራሉ። ፋርማሲስቷ ደግሞ ለእናቶቹ የነገረቻቸው ስለ ኬኩ ውበት አይደለም፤ ኬክ ሠሪዋ ስለጣለችው ኬክ ነው የነገረቻቸው። ትእዛዝ የመጣው ከዚያ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ኬክ ሠሪዋ ለአንዲት ተመራቂ የሚሆን ኬክ ላይ ጎንበስ ብላ ክሬም ስትስል በሩ ተንኳኳ። ማን ነው አለች። አርባ ዓመት ያንን በር በእግራቸው እየገፉ የገቡት አጎቷ ናቸው።

"መቀሴን ረስቼ ነው። ልግባ?"

"እጅዎን ታጥበዋል?"

"ታጥቤአለሁ።"

"ትንሽ ይጠብቁኝ ጋሼ፤ ይህችን አበባ ልጨርስ።"

ጠበቁ።