ላምባ ያለበት ቤንዚን

ቤንዚን በኩፖን በነበረ ጊዜ ነው። ሹም አቦ ሰፈር መካኒክ ነበርሁ። አንድ ካድሬ መኪናውን አምጥቶ፣ «ዳገት ላይ አቅም የለውም» ሲለኝ፣ ታይሚንጉን፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ፣ አስቀደምሁለትና ልንሞክረው ወደ ቤዛዊት ዳገት ይዞኝ ወጣ። መሐል ላይ ሞተሩ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚናወጥ ያንኳኳ ጀመር። «ጓድ፣ እግርዎን ከነዳጁ ያንሱ! ፒስተኑ ሊበሳ ነው!» አልሁ።

ቀጥ አድርጎ አቆመው። «አሻጥር ነው የሠራህብኝ?» አለኝ። ያን ቃል የተባለ ሰው የት እንደሚገባ እናውቃለን። ወርጄ የቤንዚን ታንኩን ክዳን ከፈትሁ። «ላምባ አለበት ጓድ፣ ያሽትቱት። ላምባ ሲቀላቀልበት ያለጊዜው ይፈነዳል፤ የሚያንኳኳው ለዚህ ነው።» ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ነኝ የቀላቀልሁት፤ ኩፖኑ አልበቃ ብሎኝ። ይህን የምታውቅ አንተ ብቻ ነህ» አለኝ።

ታይሚንጉን እዚያው ወደ ነበረበት መለስሁት፤ ሞተሩ ዳነ። ከዚያ ወዲያ ግን ያ መኪና ወደ ጋራዡ በታጠፈ ቁጥር፣ ሊጠገን ይሁን ሊወስደኝ እንደመጣ አላውቅም ነበር።