የባሕር ኃይሉ ሰው በጀልባ ላይ

በሰማንያዎቹ መጀመሪያ አምስተርዳም ትራም ውስጥ አማርኛ መስማት ብርቅ ነበር። ወደ ስሎተርቫርት ሰፈር ስሄድ ከፊቴ አንድ ጎልማሳ ሰውና አንዲት ወጣት ሴት ገና እየተዋወቁ ያወሩ ነበር።

«ባለፈው ሳምንት ከተማዋን ለሁለት ከሚከፍለው ውሃ ሥር የሚያልፈው መንገድ በአደጋ ሲዘጋ እርስዎ እንዴት ተሻገሩ?» አለች ሴትየዋ።

«መንገድ ሲዘጋ ብቻ በሚከፈተው የጀልባ ማቆሚያ ነዋ። አውቶቡሱ እዚያ አራገፈን። ባለቤቴ ማዶ ሆስፒታል ምጥ ላይ ነበረች።»

«ጭንቅ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔን ያስጨነቀኝ ውሃው ነው። ባለቤቴን ያገባኋት ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበርኩ ብዬ ነው።»

«አልነበሩም እንዴ?»

«ነበርኩ፤ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ። መርከብ ላይ ወጥቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ተሳፈሩ?»

«ሁለት ጀልባ አሳለፍኩ። ሦስተኛው ሲመጣ አንዲት ሆላንዳዊት አሮጊት እጄን ይዘው እንደ ሕፃን አሳፈሩኝ። ዐይኔን ጨፍኜ ተሻገርኩ።»

«ለወሊዱ ደረሱ?»

«ልጄ ቀድማኝ ደርሳለች። ባለቤቴ ለምን እንደቆየሁ ስትጠይቀኝ እውነቱን ነገርኳት።»

«ምን አሉ?»

«ሄግ ከተማ ባሕሩ ዳርቻ ስንሄድ ውሃው እግርህን ሲነካህ እንዴት እንደምትሸሽ አይቻለሁ፤ ካየሁም ስድስት ዓመት ሆነኝ አለችኝ። ጓደኞቼ ፊት ስለ ማዕበል ሳወራ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብላ ስታዳምጠኝ ኖራለች።»

እኔም የቀረውን መንገድ አገር ቤት ስለነበረኝ ሥራ ለባለቤቴ የነገርኳትን ሁሉ በልቤ ስከልስ ሄድኩ።