ዋጋን ቤት ትቶ ዋጋ ፍለጋ

«ሃፊዛዬ፣ ነይ እስቲ ይቺን ጫፍ ያዥልኝ። ፀሐይ ጠፍታ ጠፍታ ዛሬ ገና ወጣችልን፣ አይደል? አንሶላ አንዴ እርጥበት ከነካው ሽታው አይለቅም። ልጆቹ ደኅና ናቸው? ኢርፋን ጉንፋኑ ተሻለው? እሰይ፣ እሰይ... ጠበቅ አድርገሽ ያዥው።»

ዋጋነሽ ይህን ስትል ባሏ መሸሻ ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። አዲሲቷ የኤሌክትሪክ መኪናው ውስጥ፣ መስኮቷን ከፍቶ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ ተጋድሟል። መኪናዋ ቤቴል ያለው ግቢያቸው ከገባች ዘጠኝ ቀኗ ነው፤ ፊቷ ላይ የታሰረው ቀይ ሪባን ገና አልተፈታም። ሃፊዛ የጎን ግቢ ጎረቤት ናት። የመጣችው «እንኳን ደስ ያላችሁ» ለማለት ነበር፤ ግን ዋጋነሽ ኮልፌ ገበያ አንሶላና ብርድ ልብስ ነጋዴ ስለሆነች፣ ግቢዋ የገባ ሰው ሁሉ የአንሶላ ጫፍ ሳይይዝ አይወጣም።

«አንዲት ጓደኛ አለችኝ፣ አታውቂያትም። እኔም በደንብ ያወቅኋት በቅርቡ ነው... ባሏ፣ አንቺዬ፣ ምን የመሰለ ብልህ ሰው ነው መሰለሽ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመሥሪያ ቤት ግዢ ክፍል ኃላፊ ነበር። ሲገዛ የኖረ ሰው! እርግጥ ሲገዛ የኖረው በመንግሥት ብር ነው... ግን ግዢ ግዢ ነው፣ አይደል?»

መሸሻ ዓይኑን ገለጠ። ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት ግዢ ክፍል የሠራ ሌላ ሰው በሰፈሩ እንዳለ አሰበ፣ አሰበ፣ አጣ።

«እና ባልና ሚስቱ መኪና እንግዛ ተባባሉ። ግማሹ እሱ ካጠራቀመው፣ ግማሹ ከሷ ሱቅ። እሷ ደግሞ ሞኝ ናት። ምን አለች መሰለሽ? ‹ሦስት ቦታ ዋጋ በጽሑፍ እንቀበል፤ ቻርጀሩ አብሮ ይሁን አይሁን እንጠይቅ፤ ከዚያ እናወዳድር።› ሞኝነቷን አየሽልኝ? ሳቀባት። ይሳቅባት እንጂ! አንሶላ ስትሸጥ የኖረች ሴት ስለ ዋጋ ምን ታውቃለች? ‹ሴት አስከትሎ የሚሄድ ገዢ በር ላይ ነው የሚሸነፈው› አላትና ውልቅ አለ። እሷ ለብሳ፣ ተጫምታ፣ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ይዛ... በር ላይ ቆማ ቀረች። ይኸው ነው እንግዲህ፤ ዋጋውን ቤት ትቶ ዋጋ ፍለጋ ሄደ። ውይ፣ ምን አልኩ? ሚስቱን ማለቴ ነው።»

ሃፊዛ ሳቋን በአንሶላው ጫፍ ሸፈነችው። መሸሻ አልሳቀም። ያን ጠዋት ሚስቱ ለፋሲካ ብቻ የምታወጣውን ቡናማ ጫማ ማድረጓን አይቶ ነበር። ወደ ሱቅ የምትሄድ መስሎኝ ነው ብሎ ለራሱ ነግሮት ነበር። አልመሰለውም፤ እንዲመስለው ፈልጎ ነው።

«እንዴት ለብሶ የሄደ ይመስልሻል? ብብቱ የተተረተረ ኮት! ‹ድሃ ስመስላቸው ይቀንሱልኛል› ብሎ። በምን ሄደ? በኮንትራት ታክሲ... የመሸጫው በር ድረስ አስጠግቶ! ገብቶስ መኪናውን ያየ መሰለሽ? ‹ፍላጎትህን አታሳይ› ነው የሱ ሕግ። ጀርባውን ለመኪናው ሰጠና ለእንግዳ ማረፊያ የተቀመጠውን ሶፋ ‹ይሄ ስንት ነው?› አለ። ‹ጋሼ፣ ሶፋው አይሸጥም› ቢሉት፣ ‹እሺ፣ የመጨረሻው ስንት ነው?› አላቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሶፋ ተከራከረ! ምን ያለ ትዕግሥት ነው? እኔ የገበያ ሴት ነኝ፤ መኪና ልገዛ ብሄድ በቀጥታ የማየው መኪና ነበር...»

ይህን ሁሉ የነገራት ራሱ መሸሻ ነው። የገዛ ዕለት ራት ላይ፣ እየሳቀ፣ ሶፋው ጋ ሲደርስ ቆሞ በእጁ እያሳየ ነው የነገራት። እሷም «ጎበዝ» ብላው ነበር። አሁን ያ «ጎበዝ» ምን ማለት እንደነበር መጠርጠር ጀመረ።

«ቀጥሎ የመጣውን ስሚ! መኪናው መስታወት ላይ ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። እንደኔና እንዳንቺ ያለ ምን ያደርጋል? ያነባል። እሱ ግን ሳያነብ በመዳፉ ሸፈነና ‹ይሄን አንሡት! የተጻፈ ዋጋ ለሕፃን ነው፤ እኛ በአፍ ነው የምንነጋገረው› አላቸው። አነሡለት። ምን ያድርጉ? ታላቅ ሰው ናቸው ብለው ነዋ። ከዚያ ሻጯ ልጅ፣ ምላሷ ማር ነው አሉ፣ ‹ጋሼ፣ እርስዎን የመሰለ ተከራካሪ ገጥሞኝ አያውቅም› አለችና ሦስት ሚሊዮን ብር ጠራች። እሱ ሁለት አለ። አራት ሰዓት ተከራከረ! ሦስት ጊዜ ተቆጥቶ ወጣ፤ የሚጠራው ሲያጣ ሦስት ጊዜ ራሱ ተመለሰ። በመጨረሻ ስንት ላይ ጣላት? ሁለት ሚሊዮን ሰባት መቶ ሃምሳ ሺህ! ሩብ ሚሊዮን አስቀነሰ! ጃንጥላ መረቁለት፣ ኮፍያ መረቁለት፣ የግድግዳ ካላንደር መረቁለት... የዓምናውን። የዓምና ካላንደር እኮ ጥሩ ነው፤ ያለፈውን ነገር ቁጭ ብሎ ለሚያስብ ሰው።»

መሸሻ መስኮቱን ሊዘጋ ፈለገ። ቁልፉን በጨለማ እንደሚፈልግ ሰው ዳበሰና አንዱን ተጫነ። የዝናብ መጥረጊያው ተነሣ፤ በደረቁ መስታወት ላይ ሲጥ፣ ሲጥ እያለ ቀዩን ሪባን ወዲያና ወዲህ ያመላልሰው ጀመር። ሌላ ተጫነ፤ ወንበሩ መቀመጫውን ያሞቀው ጀመር። ዋጋነሽ ዞር ብላም አላየች።

«ነፋስ ነው፣ አትደንግጪ... ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ቻርጀሩ። ቻርጀሩ ተረሳ። ይረሳል እኮ፤ ጃንጥላና ካላንደር የያዘ ሰው እጁ ሙሉ ነው። አሁን ጓደኛዬ ቤት መኪናዋ መብራት የምትጠጣው በሳሎን መስኮት በወጣ ገመድ ነው። እሷ ስትጠጣ ምድጃው ይጠፋል፤ ምድጃው ሲበራ እሷ ትጠማለች። ቤተሰቡ በዳቦና በሙዝ ሰነበተ። ለጤና ጥሩ ነው ይላሉ! በሯን በከፈተ ቁጥር ደግሞ በቻይንኛ ታወራዋለች፤ እሱም ‹እሺ፣ እሺ› ይላታል። አቤት ትሕትና! ለሚስቱ ሠላሳ ዓመት እሺ ብሎ የማያውቅ ሰው! ጓደኛዬ ምን ትለኛለች? ‹እኔም ቻይንኛ ልማር ይሆን እንዴ?›»

የመሸሻ እጅ የበሩ መክፈቻ ላይ ነበር፤ ቀስ ብሎ አነሣው። ቢወጣ መኪናዋ ትናገራለች። ላለመመለስ ቢጠነቀቅ እንኳ ከአፉ «እሺ» እንደሚያመልጠው ያውቃል። መጥረጊያው ሲጥ ይላል፣ መቀመጫው ይግላል፤ ተቀመጠ።

«ታዲያ ሐሙስ ዕለት ጓደኛዬ ሱቋን ዘግታ ወደዚያው ሄደች። ለሌላ አይደለም፣ ቻርጀር ልትጠይቅ ብቻ። ስትገባ ያችኑ የመሰለች መኪና ቆማለች። ያው ዓይነት፣ ያው ቀለም፣ መስታወቷ ላይ ያው ወረቀት። እሷ መቼ ሠለጠነች? አነበበችው... ሁለት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ ብር። ከቻርጀር ጋር።»

የአንሶላው ጫፍ ከሃፊዛ እጅ አመለጠና መሬት ነካ።

መሸሻ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ይህን አያውቅም ነበር። ሌላ መልስ ይሰጠው ይመስል ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ሠራው፤ ሁለቱንም ጊዜ መቶ ሃምሳ ሺህ ብር ወጣው። አራት ሰዓት ሙሉ ወደ ታች እየወረድኩ ነው ሲል፣ ወርዶ ወርዶ የቆመው ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ዋጋ በላይ ነበር። የሚገርመው ደግሞ ሐሙስ ማታ ሚስቱ ስትገባ አልተቆጣችም፤ ዳቦውን ቆርሳ፣ ሙዙን ልጣ ሰጥታው፣ «ደክሞሃል፣ ተኛ» ነበር ያለችው። ሁለት ቀን በሆዷ ይዛው ከርማለች። ምነው ያኔ ጮኻብኝ በገላገለችኝ ብሎ ተመኘ።

«አንሺው፣ ግድየለም፣ ይራገፋል። እና ሰውየው አላስቀነሰም ማለት ይቻላል? አይቻልም! ቀንሷል... ብቻ የቀነሰው ዋጋው አይደለም። ሰው በአነጋገሩ ይወደዳል ይባል የለ? እሱ ሲናገር የሚወደደው ዕቃው ነው! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልም ይላሉ፤ አራት ሰዓት ቀስ ቢሉ እንቁላሉ ሄዶ ሄዶ ሻጭ ቤት ገባ። ሻጯ ልጅ አንገቷን ደፍታ ‹እናቴ፣ ጋሼ እኮ ወረቀቱን ራሳቸው አስነሡት› አለቻት። ጓደኛዬ አልጮኸችም። ‹ትርፉን ብር ለኔ መልሱ፤ ከነቻርጀሩ› አለች። ኃላፊው መጣ፤ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ጫማዋን አየ። ቡናማ ጫማዋን አድርጋ ነበር... ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ቻርጀሩን በነፃ ሰጧት፤ ነገ ጠዋት መጥተው ይተክሉታል፤ ምድጃውም ይበራል። ብሩ? ብሩማ ውል ተፈርሞበታል። ‹ደንበኛችን በጣም ደስ ብሏቸው ነው የፈረሙት› አላት ኃላፊው። አልዋሸም። ጓደኛዬ ሠላሳ ዓመት አብራው ስትኖር እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይታው አታውቅም... በሠርጉም ቀን።»

እዚህ ላይ ድምፅዋ ትንሽ ሰለለ። ሃፊዛ አንሶላውን እያጠፈች ስትጠጋት ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ተገናኙ፤ ዋጋነሽ ጫፎቹን ከእጇ ተቀበለችና ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። መሸሻ በመጥረጊያው ማዶ ጀርባዋን ያያል። «ጥፋቱ የኔ ነው» የሚል ቃል አፉ ውስጥ ተሰናዳ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድም ቃለ ጉባኤ ላይ ጽፎት የማያውቅ ቃል ነው፤ ስለዚህ ከየት በኩል እንደሚጀመር ጠፋው። ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ እሷ ቀደመችው።

«ውይ፣ አስቆምኩሽ፣ ልጆቹ ይጠብቁሻል። እኔማ ለዚያ ሰው ክፉ አልመኝም፤ ምን በወጣኝ! ዕድሜና ጤና ይስጠው። እጁ አይጠር፣ ኪሱ አይንጠፍ፣ አንደበቱ አይድከም። እኔንም አምላኬ አይርሳኝ፤ ጠዋት ጠዋት የሱቄን በር ስከፍት፣ እንደሱ ያለውን ገዢ ደጄ ላይ ያቁምልኝ!»

መሸሻ ምርቃት ሰምቶ ዝም ማለት ከልጅነቱ አልለመደም። በተከፈተው መስኮት፣ ጮክ ብሎ፣ «አሜን!» አለ።