በቁጥር የተሰለፈ ፊደል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወንጂ ውስጥ ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ። ባለፈው ሐሙስ የተቀደደውን የክፍሌን የፊደል ገበታ እንደገና ላሳትም አዳማ ሄጄ ከባጃጅ ስወርድ፣ አንዲት ወጣት በኦሮምኛ «አካም ጂርቱ፣ መምህር» ብላ ሰላምታ ሰጥታ አስቆመችኝ። ሲና ናት፤ ከዓመታት በፊት ያስተማርኳት። ኮምፒዩተር አጥንታ የአጎቷን የአቶ ሰብስቤን ማተሚያ ቤት ታግዛለች። የምሄደው እዚያው ነበርና ተያይዘን ገባን።

አቶ ሰብስቤ በወጣትነታቸው ከእርሳስ ብረት የተሠራ የማተሚያ ፊደል በጣት እየለቀሙ ያደጉ ሰው ናቸው። ኮምፒዩተር ሲመጣም ልማዳቸውን አልተዉም። የፊደል ገበታቸውን ከስምንት ዓመት በፊት አንድ በአንድ መትተው አስቀምጠውታል፤ ሰው ባዘዘ ቁጥር ያንኑ ያወጣሉ። እኔም ያንኑ ይዤ በሄድኩ ነበር፤ ግን የሚያሳስበኝ ነገር ስለነበር አወራሁላቸው።

ኡሙሰልማ የምትባል ተማሪ አለችኝ፤ ሸንኮራ አገዳ ስትተክልና ስታርም የኖረች እናት። በዚያው ሳምንት ትምህርቱን ልተው ነው አለችኝ። ገበታው ላይ ያለውን ሁሉ አውቃለሁ፣ መጽሐፍ ስገልጥ ግን የማላውቀው ይመጣብኛል፣ ጭንቅላቴ ዝግ ነው አለች። እኔም ዕድሜ ነው ብዬ ነበር።

አቶ ሰብስቤ አዝነው የድሮውን ገበታ ሊያወጡ ሲሉ ሲና ከለከለቻቸው።

«አጎቴ፣ በእጅ የተለቀመውን ይተዉት። እያንዳንዱ ፊደል በዓለም የታወቀ ቁጥር አለው። የገጽ ማቀናበሪያውን ፕሮግራም ‘ከዚህ ቁጥር እስከዚያ ቁጥር ዙር፣ በየቁጥሩ ያለውን ፊደል አስቀምጥ፣ ስምንት ሲሞላ መስመር ውረድ’ ካልነው ገበታውን ራሱ ይሠራዋል።»

«የሀ ቁጥር ስንት ነው?»

«አራት ሺህ ስድስት መቶ ስምንት።»

አቶ ሰብስቤ ዞረው እኔን አዩኝ። የተማርኩ ነኝ ባይ ነኝና እንዳስረዳቸው ይጠብቃሉ፤ እኔ ግን ከእሳቸው ብሼ ነበር። ሀ የፊደል መጀመሪያ ሆኖ ሳለ ከፊቱ አራት ሺህ ሌላ ማን አሰለፈበት? ሲና የሌሎች ሕዝቦች ፊደላትና ምልክቶች እንደሚቀድሙ፣ ቁጥሩ ወረፋ እንጂ ክብር እንዳልሆነ ነገረችን። ሁለታችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እኔ እንኳ የገባኝ ነገር አልነበረም።

አራት መስመር ያህል ጽፋ ገጹን አወጣች። ይባስ ግራ ገባን። በየመስመሩ ሰባት ፊደል የምናውቀው ስምንት ሆኗል፤ አይተናቸው የማናውቅ ፊደሎች መሀል ገብተዋል፤ እዚህም እዚያም ባዶ ሳጥን ተደቅኗል። አቶ ሰብስቤ ደስ ያላቸው መሰለኝ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፣ ልጄ። እኔ ባዶ ሳጥን አትሜ አላውቅም።»

ሲና አልተቆጣችም። ቁጥሩ የተመደበው ስምንት ስምንት እየሆነ ነው፤ ባዶዎቹ ገና ፊደል ያልተሰጣቸው ቁጥሮች ናቸው፤ እንግዶቹም የአገራችን ሌሎች ቋንቋዎች የሚጠቀሙባቸው ናቸው አለች። «ማሽኑ የሚያውቀው ተራውን ብቻ ነው። ለዚህ ክፍል የሚበጀውን የሚለዩት እርስዎ ነዎት» ብላ ቀይ እስክሪብቶ ሰጠቻቸው።

አቶ ሰብስቤ የድሮውን ገበታ አጠገቡ ዘርግተው፣ እያስተያዩ የማይፈለገውን ይሰርዙ ጀመር። ጨ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። አዲሱ ጨ፣ ጩ፣ ጪ፣ ጫ፣ ጬ፣ ጭ፣ ጮ ይላል። በእሳቸው ገበታ ጬ ሁለት ጊዜ ገብቶ ጭ የለም።

«ስምንት ዓመት» አሉ ቀስ ብለው።

አፈርኩ። ያን ገበታ በየቀኑ ፊት ለፊቱ ቆሜ አስተምሬበታለሁ። እኛ ፊደል የምንለው በዜማ ነው፤ አፋችን ጭ ሲል ዓይናችን ገበታው ላይ አልነበረም። በጣቷ እየተከተለች ያነበበችው ኡሙሰልማ ብቻ ናት፤ እሷን ደግሞ ደካማ አልናት።

አቶ ሰብስቤ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቷቸዋል። «ማሽኑስ አይሳሳትም?»

«ይሳሳታል፤ መነሻውን ወይም መድረሻውን ካሳሳትነው። ያኔ የት እንደምንፈልገው እናውቃለን። በእጅ ሲለቀም ግን ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊደል፣ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ የመሳሳቻ ቦታ አለው። የሰው እጅ ይደክማል፣ አጎቴ። ድካሙን ለማሽኑ ሰጥተው ዓይንዎን ለማረም ያቆዩት። ነገ ኦሮምኛ የሚጻፍበት የቁቤ ገበታ ቢታዘዝም መነሻና መድረሻውን ቁጥር መቀየር ነው፤ ጥምሮቹን ፊደሎች ብቻ በእጅ እንጨምራለን።»

አቶ ሰብስቤ የድሮውን ገበታ በገዛ እጃቸው ከኮምፒዩተሩ አጠፉት። ከዚያም አራቱን መስመር እንድታስተምራቸው ጠየቋት። ገበታቸውን የወሰዱትን ሁሉ እየፈለጉ አዲሱን በነጻ ሊሰጡም ወሰኑ፤ መጀመሪያ ከእኔ ጋር ወንጂ መጡ።

ኡሙሰልማን ከቤቷ አስጠርተን፣ አቶ ሰብስቤ ተማሪው ሁሉ እየሰማ «እህቴ፣ የጎደለው የእኔ ገበታ ነው እንጂ የእርስዎ ጭንቅላት አይደለም» አሏት።

ጣቷን ጭ ላይ አድርጋ ብዙ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ እርስዎም አላዩትም ነበር?»

«አላየሁትም» አልኳት።

በዚያ ቀን ፊደሉን በዜማ አላልንም። ኡሙሰልማ ገበታው ፊት ቆማ በጣቷ አንድ በአንድ ስታሳይ፣ እኔም ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጬ ተከተልኳት።