ሁለት መነጽር የደረቡት በያጅ

ለጉንፋኔ መድኃኒት ልገዛ ወደ ሰፈራችን መድኃኒት ቤት ስገባ፣ ጎረቤቶቼን ባልና ሚስቱን አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ባልየው ጥቁር መነጽር አድርገዋል፤ ሚስትየው እርጥብ መሐረብ ዓይናቸው ላይ ይዘው እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። ደንግጬ ጎንበስ አልኩና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ ማን አረፈ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ማንም አላረፈም፣ መምህር» አሉኝ ባልየው ቆጣ ብለው። «ትናንት መደርደሪያ ስበይድ ትንሽ ብርሃን ነክቷት ነው።»

«ትንሽ?» አሉ ሚስትየው መሐረቡን ሳያነሱ። «ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተደፋ ነው የሚመስለኝ። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። እሱ ደግሞ ድንች እየላጠ ይለጥፍልኛል። ዓይኔ ነው ወይስ ድስት?»

ለማያውቃቸው ላስተዋውቅ። ባልየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩም እስከ ዛሬ «ሾፌሩ» ይላቸዋል። ሚስትየው ልብስ ሰፊ ናቸው። ሾፌሩ ጡረታ ሲወጡ እንደ እኩዮቻቸው ካርታ መጫወቱ አልሆነላቸውም፤ አንዲት ትንሽ የብየዳ ማሽን ገዝተው ግቢያቸው ውስጥ ብረት ማቅለጥ ያዙ። ለገቢ አይደለም፣ ለፍቅር ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከእሳቸው እጅ የወጣ፣ ጠመም ያለ የአበባ ማስቀመጫ አለው። የእኔ ከሥሩ ካርቶን ታጥፎለት ነው የቆመው።

አሠራራቸው ግን የራሳቸው ብቻ ነው። ሾፌሩ ሁለት የፀሐይ መነጽር አንዱን በሌላው ላይ ይደርባሉ። ሚስትየው ብረቱን በጉጠት ይይዙላቸዋል። «ጨፍኚ» ይላሉ ሾፌሩ፤ ሚስትየው ይጨፍኑና ፊታቸውን ወደ ነጩ ግድግዳ ያዞራሉ። ሾፌሩም ራሳቸው ጨፍነው እሳቱን ያስነሱና ድምፁ ረጋ ሲል ዓይናቸውን ይገልጣሉ። ይህን ጥበብ የፈጠሩት ሁለቱ ናቸው፤ ሌላ ሰው ባይማረው እወዳለሁ።

ያን ዕለት ግን ነገሩ ለቀልድ አልተመቸም። ባለመድኃኒቷ ጠብታውን እየሰጠቻቸው፣ «የአሁኑ በአንድ ሁለት ቀን ይሻልዎታል። ከተደጋገመ ግን ዓይን ሁልጊዜ አይመለስም» አለች። ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቅቷቸው እንደነበር ነገሩን።

«ዓይኔ ከሄደ እኔም ሄድኩ» አሉ ባላቸውን ሳያዩ። «ከእንግዲህ ብረት አልይዝልህም።»

ከሰዓት በኋላውን ግቢ ውስጥ አብረው የሚያሳልፉት በዚያ ብረት ምክንያት ነበርና፣ የሾፌሩ ፊት እንዴት እንደጠቆረ አየሁ።

ይህን ጊዜ የሾፌሩ የእህት ልጅ እየተጣደፈች ገባች። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ብረታ ብረት የምታስተምር መሐንዲስ ናት። አክስቷን ሳመች፣ ዓይናቸውን ገልጣ አየች፣ ከዚያ ወደ አጎቷ ዞረች።

«አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አሁንም በዚያ መነጽር ነው የሚበይዱት?»

«በአንዱ አይደለም ልጄ፣ በሁለቱ ነው» አሉ ሾፌሩ እንደ መመካት ብለው። «አንዱ ባይበቃ ሁለቱ ይበቃል። ደግሞ ስጀምር እጨፍናለሁ። እሷም ትጨፍናለች። የዓይኗ ነገር የዕድሜ ነው።»

«ጨለማ ሌላ ነው፣ ጥበቃ ሌላ ነው» አለች መሐንዲሷ በትሕትና። «ከብየዳው እሳት የሚያዩት ብርሃን አለ፣ የማያዩት ጨረርም አለ። ዓይንን የሚያቃጥለው የማይታየው ነው። የፀሐይ መነጽር የሚታየውን ይቀንስልዎታል እንጂ ለብየዳ ጨረር የተሠራ አይደለም። እንዲያውም ጨለም ሲል ብሌንዎ ይሰፋል፤ በር ከፍቶ ሌባ እንደ መጠበቅ ነው። አክስቴ ደግሞ የሚዞሩት ወደ ነጭ ግድግዳ ነው። ጨረሩ ግድግዳው ላይ ነጥሮ ወደ ፊታቸው ይመለሳል። ለያንዳንዷ ብልጭታ ቀድመው ሊጨፍኑ አይችሉም፤ ቆዳቸውም አብሮ ይቃጠላል።»

ልብስ ሰፊዋ መሐረቡን አነሡ። «ከእሳቱ ሸሸሁ ስል ወደ እሳቱ ነበር የምዞረው?»

«እንደዚያ ነው፣ አክስቴ።»

ሾፌሩ ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኝ ናቸው ማለቴ አይደለም፣ ወረቀቱን ግን ይመስላሉ። «እሺ፣ ጥቁር መስታወት ያለው ጭንብል አለኝ» አሉ። «እሱን ሳጠልቅ ዓለም ይጠፋል። የብየዳው ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ የት እንዳለ ስለማላውቅ ብረቱን ትቼ አየሩን እበይዳለሁ። ስለዚህ ነው የተውኩት።»

«እውነትዎን ነው። አሁን ግን ራሱን በራሱ የሚያጨልም ማስክ አለ። ሳይጀምሩ ጥርት አድርገው ያያሉ፤ እሳቱ ሲነሣ መስታወቱ ራሱ ይጠቁራል፤ ሲያቆሙ ተመልሶ ይጠራል።»

«ልጄ» አሉ ሾፌሩ፣ ፈገግታቸውን መቆጣጠር አልቻሉም፣ «መምህርም ይፍረድ። መስታወቱ ለመጨለም አስቀድሞ ብርሃኑን ማየት አለበት። እሱ ካየው ዓይኔም አይቶታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው እኮ።»

እውነቱን ለመናገር ክርክራቸው እኔንም ያዘኝ። እንዲያውም ራሴን ነቀነቅሁላቸው።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች መሐንዲሷ። «አንዲት ሰከንድን ሃያ አምስት ሺህ ቦታ ይቆራርጧት። ከቁራጮቹ በአንዷ ውስጥ ጥሩ ማስክ ጨልሞ ያበቃል። ዓይንዎ ለመርገብገብ እንኳ ጊዜ የለውም። ዋናው ግን ይህም አይደለም። የማይታየውን ጨረር የሚያግደው መጨለሙ አይደለም። በማስኩ መስኮት ላይ ሌላ ማጣሪያ አለ፤ መስታወቱ ቢጠራም ቢጠቁርም፣ ባትሪው ቢሞትም ጨረሩን ያግዳል። መጨለሙ ብርሃኑ ዓይንዎን እንዳያጭበረብረው ነው እንጂ ጠባቂው ከመጀመሪያው በር ላይ ቆሟል።»

ሰው ከሰከንድ ሽራፊ ውስጥ ጊዜ አውጥቶ ለዓይኑ ጥላ ሠራ ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ፍጥረት ድንቅ ለተማሪ ሳወራ ኖሬ፣ የአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ድንቅ እንዲህ ያፈዘኛል ብዬ አላሰብኩም።

«ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» አሉ ሾፌሩ በመጨረሻ። «እናየዋለን።»

ልብስ ሰፊዋ ሲሻላቸው አራታችንም ወደ መሣሪያ መሸጫው ሄድን። ሾፌሩ ገና ከበሩ ነበልባልና ጥርስ የተሳለበት ማስክ አንሥተው ራሳቸው ላይ አጠለቁ።

«አንተ ልትበይድ ነው ወይስ ልትዘምት?» አሏቸው ሚስታቸው።

መሐንዲሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ማስኩን ተቀበለቻቸው። «አጎቴ፣ ሥዕሉን ይተዉት። ግንባሩ ላይ እነዚህን ዓይኖች ይዩ፤ ሴንሰር ይባላሉ፣ እሳቱን የሚያዩት እነሱ ናቸው። ይሄኛው ሁለት ብቻ ነው ያለው። እርስዎ ጠረጴዛ ሥር ገብተው ይበይዳሉ፤ የወንበር እግር ቢጋርዳቸው ማስኩ ሳይጨልም ይቀራል። አራት ያለው ይሻላል።»

«መስኮቱስ ለምን ጠበበ?»

«እሱንም ላነሣው ነበር። ሰፋ ያለውን እንውሰድ፤ አንገትዎን እንደ ሰጎን ማስረዘም አይኖርብዎትም። ደግሞ የእይታውን ጥራት የሚናገሩ አራት ቁጥሮች አሉ፤ አራቱም አንድ ሲሆኑ ምርጥ ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ነገሩ ሳይዛባ ይታያል። የታወቀ የደኅንነት ምልክት መስታወቱ ላይ ከሌለ ግን ሥዕሉ ቢያምርም አይግዙ።»

ባለሱቁ ከኋላ ሌላ አመጣ። ሥዕል የለውም። መሐንዲሷ አገላብጣ አየችው፤ የጨለማውን መጠን ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሦስት የሚያስተካክል ቁልፍ አለው፣ ለኤሌክትሮድዎ አሥር ወይም አሥራ አንድ ላይ ይጀምሩ አለቻቸው። ሌላኛው ቁልፍ የሴንሰሩን ንቃት የሚያስተካክል ነው፤ ሦስተኛው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ምን ያህል ጨልሞ እንዲቆይ የሚወስን ነው፣ የጋለው ብረት ገና ስለሚያበራ። ባትሪው የሚለወጥ መሆኑን ከፍታ አረጋገጠች። ከመስታወቱ ፊት ያለው ፕላስቲክ ሲጫጫር የሚቀየር ትርፍ እንዳለው ጠየቀች። ብረት ሲሞርዱ እንዳይጨልም የሚያደርግ ማዞሪያም ነበረው። «ሞርደው ሲጨርሱ መመለሱን ግን እንዳይረሱ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው» አለች።

«ከሁሉ ውዱ የቱ ነው?» አሉ ሾፌሩ። ሰው ሲያፍር ውድ ነገር መግዛት ያምረዋል።

«ውዱ ቀኑን ሙሉ ለሚበይድ ነው፤ እርስዎ ከሰዓት ትንሽ ነው የሚሠሩት። ቀለል ያለውንና ራስዎ ላይ የሚመችዎትን ይምረጡ። የከበደዎትን ማስክ ነገ ያወልቁታል፤ የወለቀ ማስክ ደግሞ ማንንም አያድንም።»

ሾፌሩ አጠለቁት፣ ከንባብ መነጽራቸው ጋር ሞከሩት፣ አንገታቸውን ወደ ላይ ወደ ታች አሉ። ባለሱቁ ሴንሰሩ ፊት ላይተር ሲጭር መስታወቱ ጥቁር አለ። ሾፌሩ እንደ ሕፃን አንድ ጊዜ ድገምልኝ አሉት። ብዙ ጊዜ ደገመላቸው።

ግቢ ስንደርስ መሐንዲሷ የራሷን ማስክ አጠለቀች። እኔንና ልብስ ሰፊዋን ከቤቱ ጀርባ አቆመችን፤ ተመልካችም ዓይን አለው አለች። ሾፌሩ አዲሱን አጥልቀው ከአጠገቧ ተንበረከኩ። መሐንዲሷ ስትጀምር ብየዳው ጮኸ። ጥቂት ቆይቶ ጸጥ አለ። ሾፌሩ ግን አልተነሡም። ጠበቅን፤ አሁንም አልተነሡም። ልብስ ሰፊዋ ሰግተው ሮጡ፣ እኔም ተከተልኩ።

ሾፌሩ ማስኩን ወደ ላይ ገልጠው ተንበርክከው ነበር። «ብረት እንዲህ ነው እንዴ የሚቀልጠው?» አሉ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ትንሽ ኩሬ አለች። ዳርዳሯ ይንቀጠቀጣል። ኤሌክትሮዱ ሲሄድ እሷም ትከተላለች። እኔ እስከ ዛሬ ይሄን አላየሁም። በድምፅ ነበር የምበይደው።»

የማያውቁት አገር አይናፍቅም። ሰውዬው በዚያ እሳት ፊት ሲቀመጡ ኖረው እሳቱን አያውቁትም ነበር። ያን ፊት ማየት ለእኔ ብዙ መጻሕፍት ከማንበብ በለጠብኝ።

ሾፌሩ ማስኩን አውልቀው በሚስታቸው ራስ ላይ አደረጉት። ማሰሪያውን በእጃቸው አጠበቁላቸው። «ነይ እዪ» አሉ፣ እሳቸውም ከእኔ ጋር ከቤቱ ጀርባ ገቡ።

ልብስ ሰፊዋ አዩ። መሐንዲሷ ስታቆም ማስኩን ገልጠው መስመሩን በጣታቸው ሳይነኩ ከላይ ከላይ ተከተሉት። «ይሄ እኮ ስፌት ነው» አሉ።

ሾፌሩ ወደ ሚስታቸው ቀረቡ። «ጨፍኚ ስልሽ የከለከልኩሽ ይሄንን ነው» አሉ። «ይቅር በይኝ።»

«እስቲ እኔ ልሞክረው» አሉ ሚስትየው። «አንተ ያዝልኝ።»

ሾፌሩ ከልማድ የተነሣ ጉጠቱን አንሥተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ራሳቸው ገለጡት። ማንም አልተናገራቸውም። «አይሆንም» አሉ። «ለያዡም ያስፈልጋል። ሱቁ ገና አልተዘጋም» ብለው ጃኬታቸውን ሳይለብሱ ወጡ።

ሁለተኛውን ማስክ ይዘው እስኪመለሱ መሐንዲሷ አክስቷን ጓንትና እጅጌው ረጅም ወፍራም ልብስ አለበሰቻቸው። እንግዲህ ይህን የምጽፈው እንደ ሾፌሩ በትርፍ ጊዜው ብረት ለሚወድ ሰው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ዓይን ከዳነ ሥራው ይቀጥላል፣ ቆዳም ይተርፋል፣ መስመሩም ይቀናል፤ አጠገብ የሚይዝልህ ሰውም ነገ እሺ ብሎ ይመጣል። ማስክ ስትመርጥ ከአንተ ቀጥሎ ያለውን ዓይን ቁጠረው።

ሾፌሩ አዲሱን አጥልቀው ተንበረከኩ፣ ብረቱንም ያዙ። ልብስ ሰፊዋ ማስካቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቀጥ አድርገህ ያዝ» አሉ። «ስፌቴን እንዳታጠምብኝ።»

ሾፌሩ ቀጥ አድርገው ያዙ፤ እኔ ወደ ቤቱ ጀርባ ስገባ፣ ሁለቱም ዓይናቸውን ገልጠው እያዩ እሳቱ ተነሣ።